ለአዲሱ እባብ የመጀመሪያው ምግብ



ዛሬ የምናገረው አብዛኞቻችን በቤታችን ይገባል ብለን አስበነው ስለማናውቀው ነገር ነው፤ ስለ እባብ፣ በተለይም እባቡ ስለሚበላት፣ ሞታ በፍሪዘር ስለቆየች አይጥ። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚያድጉ ልጆቻችን እባብን በትምህርት ቤት በእጃቸው ይዘዋል፣ በጓደኛ ቤት ሲመገብ ቆመው አይተዋል። አንድ ቀን «እማዬ፣ እኔም ላሳድግ» ይላሉ። ወላጅም ከድንጋጤው ሲመለስ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ምን ሊበላ ነው?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፤ በሰው እጅ የሚያድግ እባብ ከሚደርስበት ችግር ብዙው የሚመነጨው ከምግቡና ከሙቀቱ ነውና። የእኔ ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ አይጧ ሞታ ትቅረብ፣ ሞቃ ትቅረብ፣ እባቡም ጊዜ ይሰጠው። ቀሪው ንግግሬ ለምን እንዲህ እንደምል ማስረዳት ነው።

እኛ ከእባብ ጋር ያለን ታሪክ ቀላል አይደለም። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡ አርዌ ለተባለው ዘንዶ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብር ነበር። የገደለው ጀግናም መርዝ የተሰጣትን ፍየል አብልቶ ነው የገደለው ይባላል። እንግዲህ እኛ በሰማነው ተረት እባብን መመገብ ወይ የፍርሃት ግብር ነው፣ ወይ የመግደያ ዘዴ። እንዲኖር ብሎ፣ ጤናው እንዲጠበቅ አስቦ መመገብ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው። ከአፍሪካ ሳንወጣ ግን ሌላ ዓይነት ልማድም አለ። በቤኒን፣ ኡይዳ በምትባለው ከተማ፣ ዘንዶዎች በክብር የሚጠበቁበት ቤተ መቅደስ አለ። እነዚያ ዘንዶዎች ዛሬ በአሜሪካ የእንስሳት መሸጫ መደብሮች በብዛት ከሚገኘው ከቦል ፓይተን ዘር ናቸው። የትውልድ አገሩ ከሴኔጋል እስከ ዩጋንዳ የተዘረጋው ምድር ነው፤ ለገበያ የሚላከውም ባብዛኛው ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነበር፤ አሁን ግን እዚሁ አሜሪካ በብዛት ይራባል። መርዝ የለውም። ሲፈራ ከመንከስ ይልቅ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ ይጠቀለላል። ከአፍሪካ ዘንዶዎች ከትናንሾቹ የሚቆጠር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም።

ዕድሜውን ግን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። በደንብ የተያዘ ቦል ፓይተን 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ የነበረች፣ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ የተገመተ አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል ጥላለች። የአሥር ዓመት ልጃችሁ ዛሬ የሚገዛው እባብ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እናንተ ዘንድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አመጋገቡን ልጁ ብቻ ሳይሆን ወላጁም ይወቀው።

አሁን ወደ አይጧ ልመለስ። «በሕይወት ያለች አይጥ መስጠት ተፈጥሯዊ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በጫካ ውስጥ እባቡ አድኖ ካልተሳካለት ወይም አይጧ ከበረታችበት ይሸሻል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን ሁለቱም መሸሻ የላቸውም። እባቡ ያን ቀን ሳይርበው ቀርቶ፣ ወይም ቆዳውን ሊለውጥ ተቃርቦ ዓይኑ ደብዝዞ ከሆነ፣ አይጧን ትቶ ይተኛል። አይጧ ግን አትተኛም። ፈርታለች፣ ይርባታልም፤ ያልተንቀሳቀሰውን እባብ መብላት ትጀምራለች። ሌሊቱን በአይጥ ተበልተው አጥንታቸው የወጣ፣ ዓይናቸው የጠፋ እባቦች ወደ ሐኪም ይመጣሉ። አንዳንዶቹ አይድኑም። ባለቤቶቻቸው በእንስሳት ላይ ጨካኞች አይደሉም፤ ያወቁትን ነው ያደረጉት።

ለአይጧም ማሰብ አለብን። ለምግብ የሚረቡት አይጦች ባብዛኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከተገደሉ በኋላ ይቀዘቅዛሉ። ይህ በጠባብ ሣጥን ውስጥ እየተሳደዱ ከመሞት የተሻለ አሟሟት ነው ብዬ አምናለሁ። እባብ አይጥ መብላቱ ግድ ነው፤ ሥጋ በል ፍጥረት ነውና ቅጠል አይበላም። ስቃይን መቀነስ ግን በእጃችን ነው፤ በእጃችን ያለውን ደግሞ ማድረግ ይገባናል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ እኔን ራሴን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው። የቦል ፓይተንን ፊት በቅርብ ብታዩ በላይኛው ከንፈሩ ላይ ተርታ የያዙ ትናንሽ ጉድጓዶች ታገኛላችሁ። በእነዚህ ጉድጓዶች ሙቀትን ይለያል። ሞቃት ደም ያላት አይጥ በድቅድቅ ጨለማ ስታልፍ ከአካባቢው አየር የበለጠ ሙቀት ትረጫለች፤ እባቡም ያን ሙቀት «ያየዋል»። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህን ሥራ የሚሠራውን ፕሮቲን ለይተው አሳተሙ። ፕሮቲኑ ቲ-አር-ፒ-ኤ-1 ይባላል። በእኛ በሰዎች አካል ውስጥም አለ፤ ሰናፍጭ ስንቀምስ አፍንጫችን ድረስ የሚሰማንን ማቃጠል የሚያሳውቀን እርሱ ነው። በእኛ ዘንድ ለሰናፍጭ የሆነው፣ በዘንዶና በመሰሎቹ ዘንድ ለሙቀት ሆነ። ጁሊየስ በርበሬ ለምን እንደሚያቃጥል ከመመርመር ተነስቶ ሰውነት ሙቀትን እንዴት እንደሚያውቅ ስላስረዳ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በርበሬና ሰናፍጭ ከማዕዱ የማይጠፋ ሕዝብ ይህን ሲሰማ እባቡ ትንሽ የሚቀርበው ይመስለኛል።

ይህን የነገርኋችሁ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ለአዲሱ እባብ የሰጣችኋት አይጥ ካልተበላች፣ መጀመሪያ የምትመረምሩት የአይጧን ሙቀት ነው። በረዶዋ ቢለቅም እንደ ክፍሉ አየር የቀዘቀዘች አይጥ ለቦል ፓይተን ምግብ አትመስልም። ያሸትታታል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ባለቤቱ «እባቤ የሞተ አይበላም» ብሎ ይደመድምና በማግሥቱ በሕይወት ያለች ይገዛል። እኔ እንዳየሁት እባቡ የጠላው ሞቷን ሳይሆን ቅዝቃዜዋን ነው። ኮርን ስኔክ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ እነዚህ ጉድጓዶች የሉትም፤ የሚመራው ይበልጡን በማሽተት ስለሆነ በዚህ በኩል ለጀማሪ ይቀላል።

ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በፔንሲልቬንያ የዲኪንሰን ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያደነውን ጠቅልሎ ለሚጨምቀው፣ ቦአ ለተባለው እባብ የሞቱና የሞቁ አይጦችን ሰጡ። በአንዳንዶቹ አይጦች ውስጥ እንደ ልብ የሚመታ ሰው ሠራሽ መሣሪያ አኖሩ። እባቦቹ ልብ የሚመታባትን አይጥ አጥብቀውና አስረዝመው ጨመቁ፤ ምቱ ሲቆም ለቀቁ። ልብ የማይመታባትን ደግሞ ቶሎ ተዉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይኸው ቡድን ሌላ ነገር አሳየ፤ እባቡ የሚገድለው ትንፋሽ በማሳጣት ሳይሆን የደም ዝውውርን በሴኮንዶች ውስጥ በማቆም ነው። ለቤታችን የሚጠቅመን ነገር ግልጽ ነው። የሞተች አይጥ የሚበላ እባብ የሚያጣው ነገር የለም፤ ሲይዛት ይጠቀልላታል፣ ይጨምቃታል፣ በራሱ ስሜት ጊዜውን አውቆ ይለቃትና ይውጣታል። አንዳንዱ እባብ ጨብጦ ሳለ አይጧ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰች ይተዋታል። ያኔ በረጅም መቆንጠጫ የአይጧን እግር ወይም ጅራት ቀስ አድርጋችሁ ብትስቡለት እንደገና ያጠብቃል።

እባቡን ቤት ያመጣችሁ ዕለት ግን ምንም አትስጡት። አንድ ሳምንት ተዉት። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት መደበቂያ ይኑረው፣ አንዱ በሞቃቱ ወገን፣ ሌላው በቀዝቃዛው። ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ወገን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው 26 አካባቢ ይሁን። ሙቀቱን በግምት አትተዉት፤ ማሞቂያው ሙቀቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ በቴርሞስታት፣ ይታሰር። ልጆች ይህን ሳምንት መታገሥ ይከብዳቸዋል፤ አውጥተው መያዝ፣ ለጓደኛ ማሳየት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ወላጆች ጽኑ። በየቀኑ የሚነካ፣ የሚደበቅበት የሌለው እባብ አይበላም። ስትገዙ ደግሞ ሻጩን ጠይቁ፦ ሲበላ የቆየው ምን ነው፣ ትንሿን የአይጥ ዘር (ማውስ) ወይስ ትልቋን (ራት)፣ በሕይወት ወይስ የቀዘቀዘች፣ መጨረሻ የበላውስ መቼ ነው? የቀዘቀዘች ለምዶ የመጣ እባብ የወላጅን ድካም በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ብሆን ሻጩ ፊቴ ሲያበላው ሳላይ አልገዛም።

የአይጧ መጠን የእባቡን ወገብ፣ ማለትም ወፍራሙን የሰውነቱን ክፍል ያህል ይሁን። ልጅ እባብ በየሳምንቱ፣ ያደገው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል።

አዘገጃጀቱ ላይ ግን ልዘግይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አይጧን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ከምታበሉበት ምሽት በፊት ባለው ሌሊት ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዷት። ቀስ ብሎ የሚለቅ በረዶ ከውስጥም ከውጭም እኩል ይለቃል። ምሽት ላይ፣ እባቡ መንቃት በሚጀምርበት ሰዓት፣ ከረጢቷን ለእጅ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ንከሯት፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ለውጡት። የፈላ ውኃ አትጠቀሙ፤ ቆዳዋ ይበስላል፣ ሆዷም ይፈነዳል። ማይክሮዌቭም ፈጽሞ አይንካት፤ አንዱን ጎን እያበሰለ ሌላውን በረዶ ይተዋል፣ በላያችሁም ሊፈነዳ ይችላል። ከውኃው ስታወጧት ሆዷን በጣት ጫን ጫን አድርጉ። ውስጧ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ካለ በረዶ ነው፤ በረዶ የዋጠ እባብ ያስመልሳል። ከዚያ በወረቀት ፎጣ አድርቋት። ጭንቅላቷ ከገላዋ ትንሽ ሞቅ እንዲል በፀጉር ማድረቂያ ብታሞቁት እባቡ በጭንቅላቷ በኩል እንዲይዛት ይረዳዋል። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካላችሁ ገላዋ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ ደርሳለች ማለት ነው።

ስታቀርቡ በእጃችሁ አይሁን። እባቡ ሊያጠቃችሁ ስለሚፈልግ አይደለም፤ የእጃችሁ ሙቀት ከአይጧ ሙቀት ጋር ሲቀላቀልበት የቱን እንደሚይዝ ይጠፋዋል። ረጅም መቆንጠጫ ይኑራችሁ፤ አይጧን ከጀርባዋ ወይም ከጅራቷ ሥር ይዛችሁ በእባቡ ፊት ቀስ ብላ እንደምትሄድ አድርጉ። ፊቱ ላይ አትግፉበት። አይጥ ወደ እባብ አትሮጥም፤ ወደ ፊቱ የሚመጣበት ነገር ያስፈራዋል። መብራቱን ቀንሱ፣ ልጆቹ ጸጥ ይበሉ። ካልያዛት መደበቂያው በር ላይ አስቀምጣችሁ ውጡ፤ ብዙ ዓይን አፋር እባብ ሰው ሲሄድለት ነው የሚበላው። ጠዋት ካልተበላች ጣሏት። እንደገና ማቀዝቀዝ ክልክል ነው።

ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አትንኩት። በበርማ ዘንዶ ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከበላ በሁለት ቀን ውስጥ የልቡ ጡንቻ በ40 በመቶ ያህል እንደሚያድግ አሳይቷል። አንጀቱም፣ ጉበቱም አብረው ያብጣሉ፤ ምግቡ ሲያልቅ ወደ ቀድሞ መጠናቸው ይመለሳሉ። ተኝቶ የምታዩት እባብ በውስጡ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው። ያን ጊዜ ማንሳትና ማገላበጥ፣ ወይም የሣጥኑ ሙቀት መውረድ፣ የዋጠውን እንዲያስመልስ ያደርገዋል። ካስመለሰ ሁለት ሳምንት ያህል አሳርፉት፤ ከዚያ ከቀድሞው ባነሰች አይጥ ጀምሩ።

አሁን ወላጅን ወደሚያስጨንቀው ጉዳይ ልሂድ፤ እምቢ ሲል። ልጇ ያልበላላት እናት እንደምትጨነቅ አውቃለሁ፤ እባብ ግን በእኛ ሆድ አይለካም። ቦል ፓይተን በተለይ በክረምት ወራት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይበላ ይቆያል፤ ጤናውም አይጎድልም። ትልቁ ስህተት በየሁለት ቀኑ አዲስ አይጥ ይዞ መሄድ ነው። ካልበላ አንድ ሳምንት ሙሉ ተዉትና በቀጣዩ ሳምንት እንደገና ሞክሩ። ትንሽ የዲጂታል ሚዛን ግዙለት፤ ለእርሱ ብቻ የሚሆን። ክብደቱን በየሁለት ሳምንቱ በደብተር ያዙ፤ ይህ ለልጆች ጥሩ ሥራ ነው። ክብደቱ እንደነበረ ከሆነ ጾሙ የራሱ ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ግን መታገሡ ይብቃ።

በሕይወት ያለች አይጥ ብቻ የለመደ ከሆነ መንገዱ ረዘም ይላል። አይጧን የበለጠ ማሞቅ፣ ወይም ትንሿን አይጥ ለለመደ ትልቋን በትንሿ አይጥ ጎጆ ገለባ አሽቶ ሽታዋን መለወጥ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በትውልድ አገሩ የሚያድናት ለስላሳ ጠጉር ያላት የአፍሪካ አይጥም እዚህ አገር ቀዝቅዛ ትሸጣለች፤ ሌላውን ሁሉ እምቢ ያለ ቦል ፓይተን እርሷን ሲያሸት የሚነቃበት ጊዜ አለ። በግድ አፉን ከፍቶ መክተት ግን በቤት የሚደረግ አይደለም። ጉሮሮው ይቆስላል፣ ከዚያ በኋላም ምግብ ባየ ቁጥር ይፈራል።

የመጨረሻው ጉዳይ የእናንተና የልጆቻችሁ ጤና ነው፤ በዚህ ላይ አልለዝብም። እባብ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በሆዱ ይይዛል። አይጧም ልትይዘው ትችላለች፤ ማቀዝቀዝ ደግሞ ባክቴሪያውን አይገድለውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በብሪታንያም ከ2015 ጀምሮ ለዓመታት፣ ከቀዘቀዙ የመኖ አይጦች የተነሣ ሰዎች በሳልሞኔላ ታመዋል፤ ከታመሙት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ አይጧን እንጀራና ወጥ በሚቀመጥበት ፍሪዘር አትቀላቅሉ፤ ትንሽ የተለየች ፍሪዘር መግዛት ካልቻላችሁ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ታሽጋ ለብቻዋ ትቀመጥ። የምትነከርበት ዕቃ፣ መቆንጠጫው፣ ሚዛኑ ወደ ኩሽና አይመለስ፤ እዚያም አይታጠብ። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ እባቡን የነካ ልጅም ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቅረብ። እንጀራችንን በእጃችን የምንበላ፣ ከአንድ ትሪ የምንጎርስ፣ የምንጎራረስ ሰዎች ነን፤ የአንዱ ያልታጠበ እጅ የሁሉም ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ በዕድሜ የገፉና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ከእባብ እንዲርቁ ይመክራል። በቤታችሁ ጨቅላ ወይም አያት ካሉ፣ የልጁ ልመና ቢበረታም እባቡ ጥቂት ዓመታት ቢቆይ እኔ እመርጣለሁ።

ሐኪሙንም አስቀድማችሁ ፈልጉ። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እባብ አያይም። ለራሳችን ሐኪም ስንፈልግ እንደምናደርገው፣ ሳይታመም በፊት የሚያክመውን ማወቅ ያስፈልጋል። የተሳቢዎችና የእንቁራሪት ዘሮች ሐኪሞች ማኅበር በድረ ገጹ የአባላቱን ስም በየግዛቱ ዘርዝሯል። በአፉ አረፋ ያለበት፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ፣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያስመለሰ፣ ወይም ክብደቱ በደብተሩ ላይ እየወረደ የሄደ እባብ ወደዚያ ይሂድ፤ ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።

መቆንጠጫውን፣ ቴርሞስታቱንና ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ልጆች መጥታችሁ መንካት ትችላላችሁ። ከወላጆች ጥያቄ እጀምራለሁ፤ ማን ይቅደም?